ከተማ ስለ ራሷ የምትመሰክረው ቃል፤ ደሴንና ኮምቦልቻን ለሕፃናት ስለ ማስተማር

በአገራችን ወደ አንድ ከተማ የሚገባ መንገደኛ፣ ከሕዝቡ ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥና የገበያውን ወሬ ሳይሰማ አስቀድሞ የሚያገኘው ከተማይቱ ስለ ራሷ የምትናገረውን ቃል ነው፤ ይህም ቃል አንዳንድ ጊዜ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ከ«እንኳን ደህና መጡ» ጋር ተጽፎ ይነበባል፣ አንዳንድ ጊዜም በሾፌሩና በረዳቱ አፍ «የፍቅር ከተማ»፣ «የኢንዱስትሪ ከተማ»፣ «የበረሃዋ ንግሥት» እየተባለ ይሰማል። አዋቂው ከልማድ ብዛት የተነሣ ሳያስተውለው ያልፋል። ፊደል ቆጥሮ ማንበብ የጀመረ ሕፃን ግን በመንገድ ዳር ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብበት ወራት ስለሆነ፣ «ለምን እንዲህ ተባለች? ማንስ አላት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ በችኮላ የሚሰጠው መልስ ጥያቄውን ይገድለዋል፤ በትዕግሥትና በማስተዋል የሚሰጠው መልስ ግን የአገሩን ታሪክ፣ መልክዐ ምድሩን፣ የሕዝቡን ግብርና ሥነ ምግባር ለልጁ ኅሊና የሚከፍት በር ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

የውጭው ዓለም ከተሞች ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለውን ቃል በማኅተማቸውና በዓርማቸው ላይ ሲቀርጹ ኖረዋል። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት በአገራችን ለማኅተም ጽሕፈት ግእዝን እንደ መረጡ፣ እነርሱም ላቲንን መርጠዋል። የፓሪስ ከተማ ዓርማ በማዕበል ላይ የምትሄድ መርከብ ስትሆን፣ ከበታችዋ ያለው ቃል «ማዕበል ያናውጣታል፣ ነገር ግን አትሰጥምም» የሚል ትርጉም አለው፤ ይህም በይፋ የከተማይቱ መሪ ቃል የሆነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1853 ሲሆን፣ መርከቢቱ በመካከለኛው ዘመን በሴን ወንዝ ላይ ይነግዱ የነበሩትን ሰዎች ታስታውሳለች። ለንደን «ጌታ ሆይ ምራን» ትላለች። ለሕፃናት ከሁሉ ይልቅ ቢነገር የምመርጠው ግን የአምስተርዳም ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1941 ናዚዎች ከተማይቱን ይዘው አይሁዳውያንን በግፍ ባፈሱ ጊዜ፣ የከተማይቱ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ተቃውሟቸውን ገለጹ፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1947 ንግሥት ዊልሄልሚና ያን ቀን መታሰቢያ በማድረግ «ጀግና፣ ቆራጥ፣ መሐሪ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ለከተማይቱ ዓርማ ሰጠች። ከዚህ የምንረዳው፣ መሪ ቃል ከምቾት ቀን ይልቅ ብዙ ጊዜ ከመከራ ቀን የሚወለድ መሆኑን ነው።

በእኛ አገር ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ የተወሰነ ዓርማና በአዋጅ የጸና ቃል አልነበረውም። «ሞዐ አንበሳ» የሚለው ቃል የነገሥታቱ ማኅተም እንጂ የአንድ ከተማ አልነበረም። ለከተሞቻችን የመሪ ቃልን ግብር ሲፈጽም የኖረው ስማቸው፣ ሕዝቡ ያወጣላቸው ቅጽል፣ ንጉሡም ለአዳራሹና ለአደባባዩ የሰጠው መጠሪያ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ መምህር ይህን ትምህርት ሊሰጥ ሲነሣ የባዕዳንን ማኅተም መዋስ አያስፈልገውም፤ በእጁ ያለው መዝገብ ይበቃዋል፤ የአነባበቡን ዘዴም ቢሆን የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አዘጋጅተውለታል፤ እርሱም አንድምታ ነው። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ፍችን በፍች ላይ ሲጨምር፣ ለእያንዳንዱም ፍች ምስክር ሲያመጣ፣ ደቀ መዝሙሩ ቃል ጥልቀት ያለው ነገር መሆኑን፣ ምስክር የሌለው ፍች ግን እንደማይቆም ይማራል። ከደሴ አጠገብ ባለችው በቦሩ ሜዳ ያስተማሩት፣ ዛሬም በደሴ ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራላቸው መምህር አካለ ወልድ የዚሁ ትምህርት ሰው ነበሩና፣ ዘዴው ለወሎ ልጅ የሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ከደሴ ስም እንጀምር። ሲነገር እንደ ኖረው፣ ላኮ መልዛ ይባል በነበረው በዚህ ስፍራ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ጭራ ያለው ታላቅ ኮከብ ታያቸው፤ ነገሩንም የመልካም ምልክት አድርገው በመቀበል፣ የደስታ ስም ያላት ከተማ በዚያ እንድትቈረቈር ወደዱ። በ1875 ዓ.ም. መግቢያ የታየው ይህ ኮከብ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በየአገሩ የመዘገቡት፣ በቀትር ፀሐይ አጠገብ ሳይቀር በዓይን የታየ ነው፤ ስለዚህ ሕፃኑ የከተማው ስም የተያያዘበትን ብርሃን በሌላው የዓለም ዳርቻ የነበሩ ሕፃናትም በዚያው ወራት ቀና ብለው እንዳዩት ሲሰማ፣ ደሴ ከዓለም ተለይታ የቆመች ስፍራ አለመሆንዋን ይረዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃንም ታሪኳ እንዲሁ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው መሠረቷት፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ያን ብርሃን በ1448 ዓ.ም. ከታየው የሃሌይ ኮከብ ጋር ያገናኙታል። በአንድ ጎዳና ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች፣ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ተራርቀው፣ ሁለቱም ልደታቸውን በሰማይ ምልክት ማስመስከራቸው፣ አበው ከተማን ያለ ምስክር መቈርቈር ይከብዳቸው እንደ ነበረ ያሳያል።

ነገር ግን መምህሩ እዚህ ላይ ቢያቆም፣ ልጁን ግማሽ እውነት አስታጥቆ ይሰድደዋል። ከኮከቡ አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖት ክርክር ከቈረጡ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ ከባላባቶቹ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙው ተሰደደ፣ እንደ ሼህ ጠልሐ ያሉትም ትእዛዙን ተቃውመው ተነሡ። የደስታ ስም የተሰጣት ከተማ በእንባ ዘመን መካከል መወለድዋ ሊሰወር የሚገባው ነገር አይደለም። ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ለመሸከም አቅም አለው፤ እንዲያውም ቀጥሎ የሚመጣው የአዳራሹ ስም ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚረዳው ይህን ያወቀ ልጅ ብቻ ነው።

ያ በቦሩ ሜዳ የተጠመቀው ሰው ራስ ሚካኤል ሆኖ ደሴን መቀመጫው አደረገ፤ በ1906 ዓ.ም. በልጁ በልጅ ኢያሱ ዘመን በደሴ ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ደፋ፤ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ድል ሆኖ ተማረከ። ከእርሱ የቀረው ትልቁ ሥራ ግን በከተማው ኮረብታ ላይ ያለው የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም አይጠየፍ ይባላል። ይህ ስም ለእኔ፣ ከአውሮፓ ከተሞች ዓርማ ሁሉ ጋር ቢተያይ የማያንስ፣ ምናልባትም ከብዙዎቹ የሚበልጥ መሪ ቃል ነው፤ ምክንያቱም የእነዚያ ቃል በማኅተም ላይ ሲቀር፣ ይህኛው ሰው ገብቶ የሚቀመጥበትና እንጀራ የሚቈርስበት ቤት ሆኖ ቆሟል።

መምህሩ ይህን ስም በአንድምታ ይፍታው። አይጠየፍ፤ ንጉሡ ወደ ግብሩ የመጣውን ድኻ በልብሱ እድፍ አይጠየፍም። አንድም፤ ወደ አዳራሹ የገባው እንግዳ ከማን ጎን እንደሚቀመጥ አይመርጥም፤ አለመጠየፍ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የተጋባዡም ግዴታ ነውና። አንድም፤ ከሙስሊም ተወልዶ በክርስትና ስም የነገሠ ሰው፣ ዘመዶቹን በሁለቱም ወገን ያየ ሰው፣ ከሁለቱ አንዱን ቢጠየፍ የገዛ ደሙን እንደ ተጠየፈ ይቆጠርበታል። ለእነዚህ ፍችዎች ምስክር አምጣ የተባለ ልጅ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በወሎ በሠርግ ቀን ለሙስሊሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ታርዶ፣ ሥጋው ተለይቶ ተዘጋጅቶ፣ ደስታው ግን በአንድ ዳስ ሲሆን በዓይኑ ያየዋል። በዚህ ላይ በጥቂቱ መቆየት ይገባል፤ ብዙ ሰው አብሮ መኖርን ልዩነትን እንደ መርሳት አድርጎ ያስተምራልና። የወሎ ሰው ግን ልዩነቱን አልረሳም፤ ሁለት ቢላ ይስላል፣ ሁለት ድስት ይጥዳል፤ ጎረቤቱ ሳይሳቀቅ እንዲበላ ሲል ድካሙን እጥፍ ያደርጋል። አለመጠየፍ ድካም ያለበት ሥራ መሆኑን የተማረ ልጅ «የፍቅር ከተማ» የሚለውን ቅጽል ሲሰማ እንደ ሽንገላ አይቀበለውም፤ በየቀኑ የሚከፈል ዕዳ መሆኑን ያውቃልና።

የደሴ ስሞች በዚህ አያልቁም። የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የንጉሥ ሚካኤልን ልጅ፣ የእቴጌ መነንን እናት ስም ይዞ ብዙ ትውልድ አስተምሯል፤ ልጆቹ የትምህርት ቤታቸውን ስም ባለቤት ማንነት ቢጠየቁ፣ ከአንዲት ሴት ስም ተነሥተው የወሎንና የሸዋን ቤተ መንግሥት ዝምድና ሊተርኩ ይችላሉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሠራዊታቸው ጋር በነበሩባት በደሴ ላይ ቦምብ ጥለው ቤት አቃጥለዋል፣ ሕዝብ ፈጅተዋል፣ ሆስፒታልም ሳይቀር መትተዋል። ይህ ቀን በማናቸውም ቅጽል ውስጥ አልተጻፈም፤ ከተማ ስለ ራሷ ከምትናገረው ጋር የማትናገረውንም እንዲጠይቁ ልጆችን ማልመድ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ከተጨናነቀችው ደጋ ተነሥቶ፣ ሐረጎን አልፎ፣ የቦርከና ወንዝ ወደሚዘረጋበት ሞቃት ሜዳ ይደርሳል። ኮምቦልቻ «የኢንዱስትሪ ከተማ» መባልዋን ለልጅ ለማስረዳት ይህን ቁልቁለት በአውቶቡስ መስኮት ማሳየት ግማሽ ትምህርት ነው። ፋብሪካ ሜዳ ይፈልጋል፣ ውኃ ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል። ሜዳውን ተፈጥሮ ሰጠች፤ ውኃውን ቦርከና አመጣ፤ መንገዱን ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለራሳቸው ጥቅም ሲሉ ከአሰብ ወደብ ጀምረው በሚሌና በባቲ በኩል እስከዚህ ዘረጉት። ስለዚህም ከባሕር የሚመጣው ጭነትና ከደጋ የሚወርደው እህል የሚገናኙት በዚህች መገንጠያ ላይ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ሲዘጋ፣ ያው መንገድ ከሚሌ ወደ ጅቡቲ ታጥፎ አገልግሎቱን ቀጠለ። በደርግ ዘመን የተተከለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቢራ ጠመቃው፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ፣ ሁሉም የዚያ ሜዳና የዚያ መገንጠያ ልጆች ናቸው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ግቢውን ሲከፍል የቴክኖሎጂውን ትምህርት ለኮምቦልቻ መስጠቱ፣ ቅጽሉ በተግባር እንደሚታመንበት ያስረዳል።

የኮምቦልቻ ልጅ ለዚህ ቃል ምስክር አምጣ ቢባል አባቱ ወይም እናቱ በሌሊት ፈረቃ መውጣታቸውን፣ ጎረቤቱ ከገጠር መጥታ በስፌት መኪና መቀጠሯን ይናገራል። መልካም ነው። ነገር ግን «አንድም» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ወንዞቹ ሲገባ ከታች ያለው አትክልተኛና ከብት ጠባቂ ምን እንደሚጠጣ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሁለቱ ከተሞች በደረሰ ጊዜ ፋብሪካዎች ተዘርፈው መኪኖቹ ሲቆሙ፣ በደመወዝ ይኖር የነበረው ቤተሰብ ምን እንዳገኘው ይነገር። «የኢንዱስትሪ ከተማ» የሚለው ስም መኪናው ሲዞር ምስጋና፣ ሲቆም ክስ መሆኑን የተረዳ ልጅ፣ ነገ ሥራ አስኪያጅ ወይም የከተማ ሹም ቢሆን የቃሉን ዋጋ ያውቃል።

መሪ ቃል እውነትን ሊሸፍንም እንደሚችል ግን ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ያለው በዚሁ በወሎ ምድር ነው። የአገራችን የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር መሠረት አድርገው፣ አገራችን 13 ወር ሙሉ ፀሐይ የማይለያት መሆንዋን የሚያበስር መፈክር አወጡ። ማለፊያ ቃል ነበረ፤ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ካላቸው 12 ወራት ጋር ጳጉሜን የምትከተልበትን፣ ለባዕድ ሰው እንግዳ የሆነውን የባሕረ ሐሳብ ሥርዓታችንን በአንድ ሐረግ አስታወቀ፤ ብዙ እንግዳም ጠራ፤ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስም ዘመኑን አገለገለ። ነገር ግን ይህ መፈክር በየአውሮፕላን ጣቢያው ተለጥፎ ሳለ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ቀርቶ ገበሬው ከብቱን ሸጦ፣ ከዚያም ቤቱን ዘግቶ፣ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ፤ በደሴና በኮምቦልቻ ጎዳናም ወደቀ። ባለ ሥልጣኖቹ ለብዙ ወራት ነገሩን ሸሸጉ፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የረኃቡን ፊልም ባሳየ ጊዜ ዓለም ደነገጠ፤ ዓመቱም ሳይመለስ ዘውዱ ወደቀ። በመፈክሩ የተወደሰችውና የወሎን ማሳ ያደረቀችው ፀሐይ አንዲት ናት። ይህን የምጽፈው መፈክሩን ያወጡትን ሰው ለመንቀፍ አይደለም፤ እርሳቸው ለአገራቸው በቅን የደከሙ ናቸው። የአንዱ ብስራት ለሌላው መርዶ ሊሆን እንደሚችል የወሎ ልጅ ከማንም በፊት ሊያውቀው ስለሚገባ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ በክፍል ውስጥ እንዴት ይሰጥ? ትንንሾቹ የሰፈራቸውን ስም ይዘው ይምጡ፤ ሰኞ ገበያ፣ ቧንቧ ውኃ፣ ሙጋድ፣ ሆጤ፤ አያቶቻቸው ስለ ስሞቹ የሚሉትን ይንገሩ፤ መምህሩም አያቶቹ የተለያየ ነገር ቢናገሩ ማን እንደ ተሳሳተ ለመወሰን አይቸኩል፤ የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ሰፊ ቦታ አለው። የሙዚቃ መምህሩም ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ስፍራዎች መጠራታቸውን ቢያስታውሳቸው፣ የሚያውቁት ስፍራ በመላ ኢትዮጵያ እንደሚዜም ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ከፍ ያሉት ግን ለከተማቸው አዲስ መሪ ቃል እንዲጽፉ ይታዘዙ፤ ሕጉ አንድ ይሁን፤ ለሚጽፉት ለእያንዳንዱ ቃል በከተማው ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ ወይም በአፍ የሚመሰክር ማስረጃ ያምጡ። «ንጹሕ» ብሎ የጻፈ የቦርከናን ዳር ያሳይ። «እንግዳ ተቀባይ» ብሎ የጻፈ፣ ከሰሜን ተፈናቅለው የመጡትን ቤተሰቦች ማን እንዳስጠጋቸው ጠይቆ ይምጣ። ምስክር ያልተገኘለት ቃል ይሰረዝ፤ ወይም፣ ይህም ይበልጥ መልካም ነው፣ ልጆቹ ያ ቃል እውነት እንዲሆን ምን መደረግ እንዳለበት ለከተማው ምክር ቤት ይጻፉ።

አንዳንድ መምህራን ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ልጁን የገዛ አገሩን ነቃፊ እንዳያደርገው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው የፍቅር ሥጋት ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ አልቀበለውም እንጂ። ምስጋናን ብቻ የተማረ ልጅ የመጀመሪያውን ጉድለት ባየ ቀን ሁሉንም ውሸት ነው ብሎ ይጥላል፤ ከተማውን ከእነ ቁስሏ የተማረ ልጅ ግን ፍቅሩ በቀላሉ አይናወጥም። ሐረር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ2002–2003ን የዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ስትቀበል፣ ሽልማቱ የተሰጣት በግንቧ ውስጥ ጠብ ኖሮ ስለማያውቅ አልነበረም፤ ልዩ ልዩ ሃይማኖትና ቋንቋ ያላቸው ሰዎች በጠባብ ጎዳና ላይ ተጠጋግተው የኖሩበትን ልማድ ጠብቃ ስላቆየች ነው። ደሴም እንዲሁ ልትነገር ይገባታል።

ስለዚህ ለደሴና ለኮምቦልቻ መምህራን፣ ለወላጆችም ይህን አሳስባለሁ። የአይጠየፍ አዳራሽ በከተማው መካከል ላሉ ትምህርት ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው፤ የደሴ ሙዚየምም እንዲሁ፤ የኮምቦልቻው ሜዳ ደግሞ ከደሴ በአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ ይደረሳል። በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን ለይታችሁ የደሴን ልጆች ወደ ኮምቦልቻ አውርዱ፣ የኮምቦልቻን ልጆች ወደ ደሴ አውጡ፤ ሁለቱም ደብተርና እርሳስ ይያዙ፤ የጻፉትንም ቃል፣ ከነምስክሩ፣ በትምህርት ቤታችሁ ግድግዳ ላይ አስቀምጡላቸው።